ከኤርፖርቱ እስከ ጋሼ ቤት

አውሮፕላኑ መሬት ነክቶ ስልኬ ኔትወርክ እንዳገኘ የደወልኩት ለጋሼ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

«ጋሼ፣ ሚኒያፖሊስ ገባሁ።»

«አልገባህም» አሉኝ።

«ኧረ አሁን አረፍን!»

«ኤርፖርቱ ሚኒያፖሊስ አይደለም። ሴንት ፖልም አይደለም። ሃያ ዓመት ከዚያ በር ላይ ሰው የጫንኩት እኔ ልንገርህ፣ ገና የትም አልገባህም።»

ጋሼ ቀልድ ይወዳሉ፤ ስቄ ዘጋሁት። ሻንጣዬ እስኪመጣ ግን ካርታ ከፈትኩ። እውነታቸውን ነው። በዓለም ሁሉ «የሚኒያፖሊስ-ሴንት ፖል ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራው ማረፊያ ከሁለቱም ከተሞች ወሰን ውጭ ነው ያለው። የትኛውም ማዘጋጃ ቤት የእኔ የማይለው ቁራሽ መሬት ላይ ተቀምጧል። ቁራሹ ስሙን ያገኘው አጠገቡ ካለ አሮጌ ምሽግ ነው፤ ፎርት ስኔሊንግ ይባላል።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ለውጭ አገር ድርጅት፣ የዕቃ ማድረሻ መኪኖች በየት በኩል ቢሄዱ እንደሚሻል የሚመርጥ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ባለፈው መስከረም መጨረሻ ቡድናችን ለአንድ ሳምንት ሚኒያፖሊስ እንዲገናኝ ተወሰነ። ሆቴሌ ሚኒያፖሊስ፣ አጎቴ ሴንት ፖል፣ በመሀላቸው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቦርሳዬ ውስጥ ደግሞ አንድ አደራ ነበረች። የአያቴ ቤት በር ላይ ተመትታ የኖረች የቤት ቁጥር ቆርቆሮ። ቤቱ ካዛንቺስ ነበር። አሁን ካዛንቺስ ስትሄዱ በቦታው ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና የተደረደሩ አበቦች ታያላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ግሬደሩ ከመድረሱ በፊት ነው በፒንሳ የነቀላት። እናቴ በጋዜጣ ጠቅልላ «ለወንድሜ ስጥልኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ይህ ጽሑፍ ያቺ ቆርቆሮ ከኤርፖርቱ ተነስታ ጋሼ ቤት እስክትደርስ ያለው መንገድ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ ግን ኤርፖርቱ ለምን የማንም ሳይሆን እንደቀረ። ቦታው ከአውሮፕላን በፊት የመኪና መሽቀዳደሚያ ነበር። በ1915 ባለሀብቶች ሁለት ማይል ዙሪያ ያለው የኮንክሪት መም አሠርተው ከፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሰሩና ተዘጋ። በ1920 አካባቢ አውሮፕላኖች በመሙ መሀል ባለው ሜዳ ማረፍ ጀመሩ። በ1923 ሜዳው «ወልድ-ቼምበርሌን» ተባለ። ሁለቱም የሚኒያፖሊስ ልጆች ናቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ፈረንሳይ ላይ የሞቱ አብራሪዎች።

ሴንት ፖል ደግሞ በወንዙ ዳር የራሷ ማረፊያ ነበራት፤ ሆልማን ፊልድ። አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ተራርቀው ሁለት ኤርፖርት። አንዷ ሌላዋ ኤርፖርት ሄዳ መሳፈር ሞት ሆኖባት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። በመጨረሻ በ1943 የግዛቱ ምክር ቤት ሁለቱንም ማረፊያዎች ነጥቆ ለአንድ የጋራ ኮሚሽን ሰጣቸው። እኛ ሰፈር ሁለት ልጆች በኳስ ሲጣሉ ትልቅ ሰው መጥቶ ኳሷን እንደሚወስደው ማለት ነው። እኔን ያሳረፈኝ ኤርፖርት የዚያ ግልግል ውጤት ነው።

የሁለቱ ከተሞች ፉክክር ከዚህም ይብሳል። በ1890 የሕዝብ ቆጠራ ማን ይበልጣል በሚለው ሁለቱም አጭበረበሩ። የፌዴራል መኮንኖች የሚኒያፖሊስን ቆጣሪዎች ከነወረቀታቸው ያዟቸው። ሚኒያፖሊስ በንዴት «የሴንት ፖልም ይፈተሽ» አለች፤ ሲፈተሽ ባቡር ጣቢያ ውስጥ «የሚኖሩ» ተብለው የተመዘገቡ በርካታ ሰዎች ተገኙ። እንደገና ተቆጠረ። ሚኒያፖሊስ 164,738፣ ሴንት ፖል 133,156። ያቺን ባቡር ጣቢያ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የ1965ቱ ነው። በበጋ ሰዓትን በአንድ ሰዓት ወደፊት የመግፋት ልማድ አላቸው አይደል? የግዛቱ ሕግ ለውጡ ግንቦት 23 (ሜይ) ይሁን ይል ነበር። ሴንት ፖል አልጠብቅም ብላ ግንቦት 9 ላይ ገፋች። ሚኒያፖሊስ ሕጉን ይዛ ቀረች። ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ከተሞች በተለያየ ሰዓት ኖሩ። ከሚኒያፖሊስ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተነስቶ ግማሽ ሰዓት የነዳ ሰው ሴንት ፖል ሲደርስ ሦስት ተኩል ነው። ሲመለስ ደግሞ ከመነሳቱ ቀድሞ ይደርሳል። በዓመቱ የአሜሪካ ኮንግረስ የሰዓት ለውጥን በአንድ ሕግ ለማሰር ካነሳሱት ውጥንቅጦች አንዱ ይሄ ነበር።

ሰዓት ላይ ኮድ ጽፎ የሚያውቅ አንባቢ አሁን ራሱን ይዟል። ሐበሻ ግን ብዙም የሚደንቀው አይመስለኝም። ስድስት ሰዓት ተለያይተን «በማን ሰዓት?» እየተባባልን ቀጠሮ የምንይዝ ሕዝብ ነን። ጋሼ እስካሁን ግድግዳቸው ላይ ሁለት ሰዓት ሰቅለዋል፤ አንዱ የአገር ቤት ነው።

ከኤርፖርቱ ሆቴሌ ድረስ የሄድኩት በቀላል ባቡር ነው። ጣቢያው ከዋናው ተርሚናል በታች፣ ከመሬት ውስጥ ነው። «ሰማያዊው መስመር» ይባላል፤ በ2004 ነው የተከፈተው። እዚህ ላይ ለሚሄድ ሰው አንድ ምክር፦ ባቡሩ በአንድ ጫፉ ሚኒያፖሊስ፣ በሌላው ሞል ኦፍ አሜሪካ የሚባል ግዙፍ የገበያ ማዕከል ይሄዳል። ሴንት ፖል አይሄድም። ግዛቱን የሚያስተዳድረው ምክር ቤት ሴንት ፖል ነው ያለው፣ ኤርፖርቱ ላይ ስሟ ተጽፏል፣ ባቡሩ ግን አይሄድባትም። ከዋናው ተርሚናል ወደ እሷ የሚወስደው 54 ቁጥር አውቶቡስ ነው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ቁጭት አለባቸው፤ ተወላጅ ነው የሚመስሉት።

ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ፎርት ስኔሊንግን ነው። መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ነበር፤ ከመኪና ማቆሚያ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ ግን የሚኒሶታ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር የሚገናኝበት ገደል አለ። የአገሩ ባለቤቶች ዳኮታዎች ብዶቴ ይሉታል፤ ከእነሱ መሀል የሰው ልጅ የተገኘበት ነው የሚሉ አሉ። ምሽጉ በ1820ዎቹ ተሠርቶ አለቀ። በ1830ዎቹ ባርነት በተከለከለበት በዚህ ምሽግ ድሬድ ስኮት የሚባል ባሪያ ከጌታው ጋር ኖረ። በኋላ «ነጻ ምድር ላይ ስለኖርኩ ነጻ ነኝ» ብሎ ከሰሰ። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር ሰው ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደበት፤ ያ ፍርድ አገሪቱን ወደ እርስ በርስ ጦርነት ከገፏት ነገሮች አንዱ ሆነ። በ1862 ክረምት ደግሞ ከጦርነት የተረፉ 1,600 ያህል ዳኮታዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች፣ ከምሽጉ ሥር በአጥር ታስረው ከረሙ። መቶዎች በበሽታና በብርድ አለቁ። የቀሩትን በጸደይ በጀልባ ጭነው ከግዛቱ አስወጧቸው።

አንዲት ጣቢያ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀችም። አጠገቤ የነበረች ልጅ ሻንጣዋ ላይ ተደግፋ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ ጋሼ ጉዞ ጀመርኩ። «አረንጓዴው መስመር» የሁለቱን ከተሞች መሀል የሚያገናኝ ባቡር ነው። አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባል ረጅም ጎዳና ላይ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2014 ሲከፈት ትልቅ ዜና ነበር። አስቂኙ ነገር ግን እዚሁ ጎዳና ላይ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ባቡር በ1890 ነበረ! ቶማስ ላውሪ የሚባል ነጋዴ የሁለቱን ከተሞች የባቡር ኩባንያዎች ጠቅልሎ አንድ አደረገ። ከተሞቹ ማን ይበልጣል እያሉ ቆጣሪ በሚያሳስሩበት በዚያው ዓመት ሕዝባቸው በአንድ ሐዲድ ላይ ይመላለስ ነበር። መስመሩ እያደገ ሄዶ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ደረሰ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኩባንያው በአክሲዮን ትርፍ ብቻ በሚያስቡ ሰዎች እጅ ገባ። ሐዲዱ ተነቀለ፣ ባቡሮቹ ግማሹ ለሜክሲኮ ሲቲና ለሌሎች ከተሞች ተሸጡ፣ ግማሹ ተቃጠሉ። በ1954 የተነሳ አንድ ፎቶ አለ። ከኋላ ባቡር እየነደደ፣ ከፊት የኩባንያው ፕሬዚዳንት ፍሬድ ኦሳና ቼክ ሲቀበል፣ ፈገግ ብሎ። በ1960 ይኸው ሰውዬ ከኩባንያው በማጭበርበር ተፈርዶበት እስር ቤት ገባ። ሐዲዱ ግን አልተመለሰም። በዚያው ጎዳና ባቡር እንደገና እስኪሄድ 60 ዓመት ፈጀ።

እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ልቤን የያዘው የሦስት ጣቢያዎች ታሪክ ነው። ምናልባት ሥራዬ ስለሆነ።

አረንጓዴው መስመር ሲታቀድ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ሴንት ፖል በኩል ባለው ክፍል፣ ጣቢያዎቹ አንድ አንድ ማይል ተራራቁ። በሌላው ቦታ ከዚያ በጣም ይቀራረባሉ። የተራራቁበት ሰፈር ጥቁሮች፣ ከቬትናምና ከላኦስ የመጡ ስደተኞች፣ መኪና የሌላቸው ሰዎች የበዙበት ነው። ባቡር ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ማለት ነው። ለምን? ክፉ ሰው ቁጭ ብሎ «እነዚህ አይሳፈሩ» ስላለ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው በቀመር ነበር፤ ለሚወጣው ዶላር ስንት የጉዞ ሰዓት ተረፈ የሚል። አንድ ጣቢያ ሲጨመር ወጪ ይጨምራል፣ ባቡሩም ቆም ይላል፣ የሌሎች ተሳፋሪዎች ሰዓት ይባክናል። ቀመሩ ሲሰላ ጣቢያዎቹ ከመስመሩ በታች ወደቁ። ጣቢያው ባለመኖሩ አንዲት እናት በበረዶ ግማሽ ማይል በእግሯ መሄዷ ቀመሩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ይህን ሳነብ ላፕቶፔን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ቀመር ነው የምጽፈው። ርቀት ስንት ይመዝን፣ ሰዓት ስንት ይመዝን፣ ነዳጅ ስንት ይመዝን። አንድን ነገር «ዜሮ» ለማድረግ መወሰን አያስፈልግም፤ መርሳት ብቻ ይበቃል።

የሰፈሩ ሰዎች ግን ተደራጁ። ዓመታት ስብሰባ፣ ሰልፍ፣ ዋሽንግተን ድረስ ደብዳቤ። በ2010 መጀመሪያ ላይ የፌዴራሉ መንግሥት ያንን ቀመር እንደ ብቸኛ ወንፊት መጠቀሙን አቆመ፤ ሦስቱም ጣቢያዎች ተጨመሩ። ዌስተርን፣ ቪክቶሪያ፣ ሃምሊን። የባቡሩ ድምፅ ማጉያ ስማቸውን ሲጠራ ልክ እንደሌሎቹ ነው፤ ልዩነት የለውም።

ጋሼ ስኔሊንግ ጣቢያ ጠበቁኝ። ካየኋቸው ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ኮፍያ፣ ወፍራም መነጽር፣ የክረምት ጃኬት በመስከረም። ስመውኝ ስመውኝ ካበቁ በኋላ ክንዴን ያዙ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ስንደርስ ነው የገባኝ፤ ምሽት ላይ አያዩም። ዓይናቸው ላይ ግፊት አለ፣ ሐኪሙ መንዳት ከልክሏቸዋል። እናቴ አልነገረችኝም። ወይም አልነገሯትም።

ጋሼ በዲቪ የመጡት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ጠበቁ፣ ከዚያ ታክሲ። በዚያን ጊዜ የኤርፖርቱ ታክሲ ነጂዎች አብዛኞቹ ሶማሌዎች ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንም አልጠፉም። መኪኖቹ ተርሚናሉ በር ላይ ዝም ብለው አይቆሙም። ራቅ ያለ መጠበቂያ ግቢ አለ፣ እዚያ ተሰልፎ ተራ መጠበቅ ነው። ጋሼ ስለዚያ ግቢ ሲያወሩ ስለ አንድ አገር የሚያወሩ ይመስላል። የአምቦ ልጅ፣ የሐርጌሳ ልጅ፣ የጎንደር ልጅ፣ የሞቃዲሾ ልጅ። አንዱ ይሰግዳል፣ ሌላው በመኪናው ኮፈን ላይ ዳማ ይጫወታል፣ ሌላው ለፈተና ያጠናል። ሦስት ሰዓት ተጠብቆ ተራ ሲደርስ ተሳፋሪው «እዚሁ ቅርብ ሆቴል» ሲል ያለውን ስሜት ጋሼ ሲገልጹት እዚህ ልጽፈው አልችልም።

በኋላ በስልክ የሚጠራ መኪና መጣ። ጋሼም ታክሲውን ትተው ወደዚያ ገቡ። «ድሮ ተራ ነበረ» ይላሉ፤ «ከፊትህ ማን እንዳለ ታያለህ። አሁን ስልኩ ነው የሚያውቀው።» በ2024 ነጂዎቹ፣ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ፣ ታግለው የሚኒያፖሊስ ምክር ቤት ዝቅተኛ ክፍያ እንዲደነግግ አደረጉ። ኡበርና ሊፍት ጥለን እንወጣለን ብለው አስፈራሩ። በግንቦት የግዛቱ ምክር ቤት ገባበትና ለአንድ ማይል 1.28 ዶላር፣ ለአንድ ደቂቃ 31 ሳንቲም ተቆረጠ። ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል ጋሼ መንዳት አቁመው ነበር። «ለልጆቹ ይሁናቸው» አሉኝ።

ቤታቸው ገብተን እንጀራ ቀርቦ፣ ቡና ፈልቶ፣ ቆርቆሮዋን አወጣሁ። ጋዜጣውን ራሳቸው ፈቱት። በጣታቸው ቁጥሮቹን ዳበሱ። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ሚስታቸው ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረጉት።

«የእነ እትዬ አሰለፈችስ ቤት?»

«እሱም።»

«ዳቦ ቤቱ?»

«እሱም ጋሼ።»

«ሰዎቹ የት ገቡ?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፣ አንዳንዶቹ ተከራይተዋል። የአያቴን ጎረቤቶች ሦስቱን ብቻ ነው በስልክ የማገኛቸው። መንገዱስ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ያምራል አልኳቸው፤ ውሸት አይደለም። ማታ መብራት አለው፣ ከሥራ ስወጣ በእግሬ የምሄደው በእሱ ነው። ይህን ስናገር ለምን እንዳፈርኩ አላውቅም።

ቅዳሜ ጋሼን «አንድ ቦታ ልውሰድዎት» አልኳቸው። ሳቁ። «አንተ? እኔን? በዚህ ከተማ?» በቀን ስለሆነ ደህና ያያሉ። በአረንጓዴው መስመር ቪክቶሪያ ጣቢያ ወረድን። ከሦስቱ አንዷ ናት። ወደ ደቡብ ጥቂት ብሎክ በእግር ከሄዳችሁ ከተማው በድንገት ይቆረጣል። ሥሩ ጉድጓድ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ አይ-94 የሚባለው ፈጣን መንገድ ይፈስሳል። ድልድዩን ስትሻገሩ አንዲት ትንሽ አደባባይ አለች። በ2018 ነው የተከፈተችው። ስሟ ሮንዶ ነው።

ሮንዶ የጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ ስሙ ከጎዳናው፣ የጎዳናው ደግሞ ከአንድ ፈረንሳይ-ካናዳዊ የቆዳ ነጋዴ የመጣ። ያቺን ባቡር ጣቢያ ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? ከአውሮፕላን ዘመን በፊት ወደዚህ አገር የሚመጣ ሰው የሚወርደው በሴንት ፖል ዩኒየን ዲፖ ነበር። ሻንጣውን የሚቀበሉት ቀይ ኮፍያ ያደረጉ ጥቁር ተሸካሚዎች፣ በመኝታ ባቡሩ አልጋ የሚያነጥፉለት፣ ጫማ የሚጠርጉለት ጥቁር አስተናጋጆች ናቸው። በዚያ ዘመን ለጥቁር ወንድ ከሚገኘው ሥራ የተሻለው ይሄ ነበር፤ በዚህ ደመወዝ ብዙዎቹ ሮንዶ ቤት ገዙ። ቤተ ክርስቲያን፣ ጋዜጣ፣ ፀጉር ቤት፣ ክበብ አቋቋሙ። በኋላ የጥቁሮች መብት ማኅበርን ለረጅም ዓመታት የመራው ሮይ ዊልኪንስ ያደገው በዚህ ከተማ ነው።

ሁለቱን ከተሞች በፈጣን መንገድ የማገናኘት ሐሳብ ሲመጣ መንገዱ በየት ይለፍ የሚለው ላይ ሁለት ሐሳብ ነበር። የሴንት ፖል የከተማ ፕላን መሐንዲስ የነበሩት ጆርጅ ሄሮልድ ከሰፈሩ በስተሰሜን የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ ይሂድ አሉ። እዚያ ቤት አይፈርስም፣ ሰው አይፈናቀልም ነው ክርክራቸው። ሌሎቹ ደግሞ በአጭሩ፣ ቀጥታ መሀል ለመሀል አሉ። ያ ቀጥታ መስመር የሚያልፈው በሮንዶ ላይ ነው። ሁለተኛው አሸነፈ። በ1956 የፌዴራሉ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት መንገዶች ከመቶ ዘጠና እጁን እከፍላለሁ ሲል ነገሩ አለቀ። በዚያው ዓመት ቄስ ጆርጅ ዴቪስ የሚባሉ ሽማግሌ ከቤቴ አልወጣም ብለው ፖሊስ አስወጣቸው። 700 ያህል ቤቶችና 300 ያህል የንግድ ቦታዎች ጠፉ። ካሣው አነስተኛ ነበር፤ በዚያ ላይ በሌሎች ሰፈሮች ለጥቁር ቤት የሚሸጥ ጥቂት ነው። መንገዱ በሁለቱ ከተሞች መሀል በ1968 መጨረሻ ተከፈተ። ከነባሮቹ ሰዎች ጥቂቶቹ በ1983 የሮንዶ ቀን የሚባል በዓል ጀመሩ። በ2015 የከተማው ከንቲባና የግዛቱ የትራንስፖርት ኃላፊ ወጥተው ይቅርታ ጠየቁ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ከሰሌዳው እያነበብኩ፣ ከስልኬም እየጨመርኩ ነገርኳቸው። አጥሩን ይዘው ወደ ታች ያያሉ።

«በዚህ ሥር ስንት ሺህ ጊዜ አለፍኩ» አሉ። «ከኤርፖርት ሰው ጭነህ መጀመሪያ ሚኒያፖሊስ፣ ቀጥሎ ሴንት ፖል ካልክ በዚህ ነው። ከመሀል እስከ መሀል፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሩብ ሰዓት። ፈረንጁ ‹ዋው፣ ቅርብ ነው እኮ› ይላል።»

«ሮንዶን ሰምተው አያውቁም?»

«ምልክቱን አይቼዋለሁ። የሰው ስም መስሎኝ።» ትንሽ ቆዩና «ሻንጣ ተሸካሚ ነበሩ አልከኝ?» አሉ።

«አዎ። የባቡር።»

«የሥራ ባልደረቦቼ ናቸዋ።»

እየቀለዱ መሆኑን ለማየት ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም።

የማልስማማበት ነገር አለ፤ መናገር አለብኝ። አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ መንገድ አያስፈልግም ወደማለት ይሄዳል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ጋሼ ሁለት ልጅ ያስተማሩት በዚህ መንገድ ነው። መንገዱ ባይኖር ሩብ ሰዓቱ አርባ አምስት ደቂቃ ይሆን ነበር፣ በቀን የሚጭኑት ሰውም በዚያው ልክ ያንስ ነበር። ግን ሄሮልድም እኮ መንገድ አይሠራ አላሉም። ከሐዲዱ አጠገብ ይሁን ነው ያሉት፤ ጥቂት ወደ ሰሜን። አሁን ሰዎች በጉድጓዱ ላይ እንደ ጣሪያ መሬት ሠርተን ሰፈሩን መልሰን እንግጠመው የሚል ሐሳብ ይዘው እየታገሉ ነው። ለመግጠም የሚጠየቀው ገንዘብ ስንት መቶ ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ስታዩ ያ «አጭር መስመር» በእርግጥ ርካሽ ነበር ወይ ትላላችሁ።

የመጨረሻው ቀን ጋሼ ኤርፖርት ካልሸኘሁህ አሉ። በምን? «በአውቶቡስ፤ አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምታውቀው።» ስኔሊንግ ላይ ኤ መስመር የሚባለውን ፈጣን አውቶቡስ ያዝን። ከ2016 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ የሚሲሲፒን ወንዝ ተሻግሮ 46ኛ ጎዳና ላይ ከሰማያዊው ባቡር ጋር ያገናኛል። ጋሼ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ በአማርኛ ይነዱ ነበር። «ቀኙን ያዝ... እ፣ እንደሱ... አሁን አረንጓዴ ይበራልሃል።» በራልን።

ቆርቆሮዋን የት እንዳደረጓት ጠየቅኳቸው። በራቸው ላይ መትተዋታል፤ ከውስጥ በኩል። ከውጭ ቢሆን ፖስተኛው ይሳሳታል አሉ።

46ኛ ጎዳና ስንደርስ ከዚህ እንዲመለሱ ለመንኳቸው፤ ሊመሽ ነው፣ ዓይናቸው። ሰዓታቸውን አዩ። «ትኬቱ ለሁለት ሰዓት ተኩል ይሠራል» አሉኝ፤ «እዚያ አድርሼህ በዚሁ ትኬት እመለሳለሁ።» እና ከእኔ ቀድመው ባቡሩ ውስጥ ገቡ።